ሩብ ሰፌድ

ማክሰኞ ጠዋት የአያ ደምለው በር ስሙን መጥራት አቆመ።

በእኛ ሕንፃ በር ሁሉ ገቢውን በስሙ እየጠራ ነው የሚያስገባው። «አቶ ደምለው ካሣ ገብተዋል» ይል የነበረው በር በዚያ ጠዋት «የአቶ ሙሉዓለም አባት ገብተዋል» አለ። አያ ደምለው ወጥቶ በሩን ዘጋና እንደገና ከፈተው። በሩ ያንኑ ደገመ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ከቤቴ ወጣሁ።

«ተወው፤ ሰምተነዋል» አልኩት።

«አርባ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ» አለኝ። «ዛሬ የልጄ አባት ሆኜ ቀረሁ።»

«ድሮስ የማን አባት ነበርክ?»

ሳቀ። ሲስቅ ግን እጁን ከበሩ አላነሳም።

ሰኞ ዕለት ፈተናውን ወድቆ ነው። ማሽን የሰው ፊት፣ የሰው ድምፅና የጣት አሻራ መሥራት ከቻለ ወዲህ ስም ቤት የሚባለው መሥሪያ ቤት በእነዚህ ማመን ትቷል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ ወረቀት ላይ ስጭን ነው የኖርኩት። አሁን ያ ጣት ከማንም ጣት አይሻልም። ማንም ሰው በየአሥር ዓመቱ መስኮት የሌለው ክፍል ይገባና፣ ሦስት ሰው እያየው፣ በገዛ እጁ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ጣት ሲነካው መልስ የሚሰጥ ሥዕል ይሠራል። ከዚያ እዚያው አንድ ነገር ለውጥ ይሉታል። ከለወጠ ሥዕሉ ፊርማው ይሆናል። ካልለወጠ በሞግዚት ሥር ይገባል።

በሞግዚት ሥር መግባት አያምም። ቤትህ ቤትህ ነው፤ አልጋህም አልጋህ። ዳቦ በሚታደልበት መስኮት ፊት ስትቆም ግን መስኮቱ ዝም ይልና ሞግዚትህን ይጠይቃል። ያን ማክሰኞ የአያ ደምለው ልጅ ስብሰባ ላይ ስለነበረ፣ አባትየው እስከ አምስት ሰዓት ቆመ። እኛ በጎኑ እያለፍን ዳቦአችንን ወሰድን። አንድ ዳቦ ልስጠው ብዬ ነበር፤ መስኮቱ «ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይፈቀድም» አለኝ። ገና ሳልዘረጋው።

ከሰባ በላይ የሆነ ሰው እስከ አምና በጣቱ ያልፍ ነበር። ዘንድሮ ቀረ። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የፈተና ቀኔ ከአራት ወር በኋላ ነበር።

ልጄ ትርንጎ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። በዚያው ሳምንት ቅጽ ይዛ መጣች፤ ሞግዚት የመሆኛውን። የራሷን ስም ከላይ፣ የእኔን ከታች ሞልታዋለች።

«እማ፣ አንቺ እኮ ሀ ብለሽ አታውቂም። በዚህ ዕድሜሽ ኮምፒውተር ልትማሪ ነው?»

«አንቺስ ተምረሽ አይደል ያለፍሽው?»

«እኔ ያለፍኩት ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ያኔ ሥዕሉን ቤታችን ሠርተን ነበር የምናመጣው።» ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ለማንኛውም እኔ ሥር ብትገቢ ምን ይጎድልብሻል?»

«ስሜ።»

«ስም ምን ይሠራልሻል?»

«ታዲያ አንቺ ለምን ፈለግሽው?»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄደች። የፈላ ድስት አሳረፍኩበት።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከሕንፃው ሥር፣ ድሮ መኪና ይቆምበት በነበረው ቦታ ነው። ነጩ መስመር ዛሬም ወለሉ ላይ አለ፤ እያንዳንዳችን በአንድ መኪና ቦታ አንድ የኮምፒውተር ሰሌዳ ፊታችን አድርገን እንቀመጣለን። አሥራ አንድ ነበርን። መምህራችን ይትባረክ ይባላል፤ አርባ የሚሆነው፣ ከሰው ይልቅ ከሰሌዳ ጋር ማውራት የሚቀናው ቀጭን ሰው ነው። አያ ደምለውም ልጁ በየቀኑ እየፈቀደለት ይመጣል፤ ዓመት ሲሞላው እንደገና ይፈተናልና።

«ፊደል ያልቆጠረ አለ?» አለ መምህሩ።

እጄን አነሳሁ። ብቻዬን ነበርኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ምን ታያላችሁ? ያላስተማረኝ ይፈር» አልኩ።

መምህር ይትባረክ አላፈረም፣ አልሳቀምም። ሰሌዳዬ ላይ ሁለት ምልክት ጻፈና «ይቺ ክ ናት፣ ይቺ ብ ናት፤ አንድ ላይ ክብ» አለኝ። ሰው ትምህርቱን ከሀ ይጀምራል፤ እኔ ከክ ጀመርኩ። ቀጥሎ «ሣል» የሚለውን አሳየኝ፤ ከዚያ ስፋቱን በቁጥር። ቁጥር እንኳ አውቃለሁ። ሃምሳ ዓመት ሰፌድና ሙዳይ ሰፍቼ የሸጥኩ ሴት ቁጥር አታስተምረኝም።

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈልጌ መታሁ። ሰሌዳዋ ጥቁር ነበረች። በግራ በኩል ላይኛው ጥግ ላይ አንድ ቀይ ቁራሽ ብቅ አለ። ክብ አይደለም፤ አይጥ የበላችው ሰፌድ ይመስላል፤ ሩቡ ብቻ ነው ያለው።

«ሦስቱ ሩብ የት ሄደ?» አልኩት።

«አለ፣ እማማ አንጓች።»

«የት አለ?»

«ከሰሌዳው ውጭ። ማሽኗ ሙሉውን ሥላዋለች፤ እኛ የምናየው ሰሌዳው የደረሰበትን ብቻ ነው።»

ተነሥቼ ከሰሌዳው ጀርባ አጎንብሼ አየሁ። ሽቦና አቧራ ነው ያለው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አያ ደምለው እንባውን እስኪጠርግ ሳቀ።

«አንተ ደግሞ! ወድቀህ መጥተህ ትስቃለህ?»

«መውደቅ ሳቅ አይከለክልም፣ እታለም። ልጄን ጠይቄዋለሁ።»

መምህሩ ነገሩን አስረዳኝ። ቦታው ሁሉ የሚቆጠረው ከላይኛው ግራ ጥግ ነው፤ ዜሮ እዚያ ነው። እኔ ክቡን ሣል ስል ቦታ ስላልነገርኳት፣ እምብርቱን ዜሮ ላይ ተከለችው።

«ዜሮን ጥግ ላይ ያስቀመጠው ማነው?»

«ድሮ ነው የተወሰነው።»

«ማንም አልጠየቀም?»

«እኔ ስማር አልጠየቅኩም» አለ።

«ስፌት ከእምብርት ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ስንደዶውን ጠቅልለህ በአክርማ ታንቀዋለህ፤ ከዚያ እየዞርክ ታሰፋዋለህ። ከጥግ የተጀመረ ሰፌድ እኔ አላየሁም።»

«እምብርቱን ወደ መሐል መውሰድ ይቻላል። ይኸው፤ ‹ስፋት ግማሽ፣ ቁመት ግማሽ› ይበሏት።»

እኔ ግን የሌላ ሰው ግማሽ አላምንም። ሰሌዳዋን በስንዝሬ ለካኋት፤ ከግራ ሦስት ስንዝር፣ ከላይ ሁለት ስንዝር አራት ጣት ሲጎድል። ቁጥር እየቀያየርኩ ክቡን እየገፋሁ ሄጄ ልክ ስንዝሬ ያረፈበት ላይ ሳደርሰው፣ አንዱ ቁጥር ስድስት መቶ አርባ፣ ሌላው ሦስት መቶ ስልሳ ሆነ። ሁለቱን በልቤ ያዝኳቸው።

«እማማ፣ ቁጥር አይጻፉ፤ ግማሽ ይበሉ።»

«አንተ ሰሌዳህን ለክተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔ ለክቻለሁ። ተወኝ።»

ተወኝ። በየሳምንቱ ግን ያችኑ ግማሽ የምትለዋን ቃል ግድግዳው ላይ ጽፎ ይጠብቀኝ ነበር። እኔም በየሳምንቱ አይቼ እንዳላየ አልፋታለሁ።

ሁለተኛው ወር ላይ «ድገም» የምትለውን ቃል ተማርኩ። ከቃል ሁሉ እሷን የመሰለ የለም። አንድ ስፌት እንዴት እንደሚሰፋ ከነገርካት፣ የሚቀርህ ድገም ማለት ብቻ ነው። እኔ ሁለት ሳምንት የምቀመጥበትን ሰፌድ ዓይኔን ሳርገበግብ ጨረሰችው። አልቀናሁም። አንዷን ስፌት ባሳሳትኳት ጊዜ ስህተቱን አንድ ሺህ ጊዜ ደገመችልኝ፤ እኔ ብሆን ሁለተኛው ላይ አይቼ በወስፌ እፈታው ነበር። ታታሪ ናት፤ ዓይን ግን የላትም።

ደግሞ ሌላ ጉድ። ሥዕል ሲንቀሳቀስ የሚንቀሳቀስ ይመስለኝ ነበር። ለካ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። በአንድ ሰከንድ ስልሳ ጊዜ ሁሉን ታጠፋለች፣ ስልሳ ጊዜ ከመጀመሪያው ትሥላለች። እኔ የማጥፊያዋን መስመር ረስቼ አንዲት የስንዴ ፍሬ ብጥል፣ ፍሬዋ ያለፈችበትን ሁሉ ይዛ እንደ ቀይ ክር ተጎተተች። መምህሩ ስህተት ነው አለ። እኔ ሰዓቱን ሙሉ ክር ስጎትት ዋልኩ።

«ጣቴን እንዴት ታውቃለች?» አልኩት አንድ ቀን።

«አታውቅም። ትጠይቃለች። በየሥዕሉ ‹ጣቱ የት ነው? ጣቱ የት ነው?› ትላለች።»

«ስልሳ ጊዜ?»

«ስልሳ ጊዜ።»

«ሳልነካትም?»

«ሳይነኳትም።»

«እንደ ትርንጎ ናታ» አልኩ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣብኝ። «በሩም እንደዚሁ ነው? ዳቦ መስኮቱም?»

«ሁሉም» አለ፣ ሰሌዳውን እያየ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በባዶ ኮሪደር ሳልፍ እንኳ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

ለፊርማዬ የመረጥኩት ሰፌድ ነው፤ ያውም ስንዴ የሚያበጥር። ጣት ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ሰፌዱ ይነጥራል፣ ፍሬና እብቁ አብረው ይነሣሉ፣ እብቁ በጎን ይሄዳል፣ ፍሬው ይመለሳል። ይህን ለመጻፍ ሰላሳ ስምንት መስመርና ሁለት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ ፍሬው ወደ ላይ ተነሥቶ በዚያው ቀረ። ቁጥሯ ወደ ታች ሲወርድ ነው የሚጨምረው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀንሳል። «እናንተ ስትወርዱ ነው የምታድጉት» አልኩት መምህሩን። ቀጥሎ ፍሬው ወረደ፤ ግን ሰፌዱን አልፎ ወለል ገባ። ከዚያ እብቁ ከፍሬው እኩል ከበደ። አንድ ጠዋት ግን ጣቴን አሳረፍኩ፤ ሰፌዱ ነጠረ፣ እብቁ ሄደ፣ ፍሬው ሰፌዱ ላይ ተመለሰ። አያ ደምለው ከመኪና ቦታው ተነሥቶ መጣ። ጣቱን አንዴ አሳረፈ፤ እንደገና አሳረፈ። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ እብቅ የነካው ይመስል።

የፈተናዬ ቀን ሐሙስ ነበር። ትርንጎ ቅጹን ይዛ ተከተለችኝ፤ የድስቱ ክብ ታትሞበታል። ከክፍሉ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጧት።

ሦስቱ ፈታኞች አንድ ሰብሳቢና ሁለት ጸሐፊ ነበሩ። ሰብሳቢው ጉንጩ የሞላ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሰሌዳውን ሳየው ልቤ ደነገጠ። የእኛ ሰሌዳ የጠረጴዛ ነው፤ ይሄ ግድግዳውን ሙሉ ይዟል። ሰላሳ ስምንቱን መስመር በቃሌ ጻፍኩ። አንድም አልረሳሁም። «ጀምር» አልኩት።

ሰፌዴ ግራ በኩል፣ ወደ ላይኛው ጥግ ተሰቅሎ ወጣ። ስድስት መቶ አርባ እዚህ መሐል አይደለም፤ የቀረው ሰሌዳ ባዶ ነው። ሰብሳቢው ጣቱን መሐል ላይ አሳረፈ። ምንም የለም።

«ሥዕልዎ ጥግ ሄዷል፣ እማማ።»

«ዓይን አለኝ።»

«አሥራ አምስት ደቂቃ አለዎት።»

ልለካ ተነሣሁ። አንደኛዋ ጸሐፊ «ሰሌዳውን መንካት አይፈቀድም» አለችኝ። ስንዝሬን በአየር ላይ ዘረጋሁ፤ ሰሌዳው ሩቅ ነው፣ ስንዝሬ ትንሽ ናት። ቁጥር በግምት ጻፍኩ፤ ሰፌዱ አልፎ ሄደ። ሌላ ጻፍኩ፤ ግማሹ ከታች ሰመጠ። ከኋላዬ ትርንጎ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረኝ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ።

ትከሻዬን ሲበርደኝ ነጠላዬን አውልቄ አጠፍኩት። ልደርበው ነበር። አንዴ ለሁለት አጠፍኩት፤ ደግሜ በሌላው ጎን ለሁለት። የሁለቱ እጥፋት ማዕዘን ጣቴ ሥር መጣ። የነጠላው መሐል ናት። ነጠላ ለክቼ አላውቅም። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የማንም ይሁን፣ ካጠፉት መሐሉ ራሱ ይመጣል።

«እዩት ይሄን ተንኮለኛ» አልኩ፤ መምህር ይትባረክን ማለቴ ነው። አራት ወር ሙሉ እጠፊው ሲለኝ ኖሮ ለካ እኔ ቁጥር ነበር የምሰማው።

ግድግዳ ላይ አይቼ እንዳላየ ያለፍኳትን ቃል ጻፍኩ። ስፋት ግማሽ። ቁመት ግማሽ። ሰፌዱ መጥቶ መሐል ተቀመጠ። ሰብሳቢው ጣቱን አሳረፈ፤ ስንዴው ተነሣ፣ እብቁ በጎን ሄደ፣ ፍሬው ተመለሰ። እንደገና አሳረፈ። ሦስተኛ ጊዜ ያሳረፈው ለፈተናው አልመሰለኝም።

«አሁን ይለውጡ። ጣት ሲነሣ ሰፌዱ ጸጥ ይበል።»

ጣት የምትለዋ ቃል ያለችበትን መስመር አውቃታለሁ። ለወጥኩት። ጸጥ አለ።

«ወይዘሮ አንጓች አድማሱ፣ አልፈዋል» አለ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለከተ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይቅረቡ።»

«እኔ? እሷ አልፋለች እኮ፤ እኔን ምን አገባኝ?»

«ቅጹ ላይ ሞግዚት ለመሆን አመልክተዋል። አመልካች በዚያው ዕለት ፊርማውን ያሳድሳል። እዚህ ታች ተጽፏል።»

ድስቱ ካረፈበት ክብ ሥር በትንንሹ ተጽፎ ነበር። ልጄ ፊደል ታውቃለች፤ አላነበበችውም።

ፊርማዋን ከፈቱት። ሰማያዊ ወፍ ናት፤ ላባዋ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ክንፏን ስትዘረጋ ክፍሉ የሚበርድ የሚመስል። ከሰፌዴ ሺህ ጊዜ ታምራለች። ያለ ምንም ችግር መሐል ላይ ነው የወጣችው።

«ጣት ሲነካት ወደ ግራ ትዙር» አለ ሰብሳቢው።

ትርንጎ ተቀመጠች። የፕሮግራሙ መስመሮች ፊቷ ተዘረጉ። ዓይኗ ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ ከታች ወደ ላይ ወጣ፣ የትም አላረፈም። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ የእኔ ዓይን እንደዚያ ነበር። ወፏን የሠራት የእሷ እጅ አይደለም። ማሽን ናት የሠራችላት።

መስመሩ ለእኔ ይታየኛል። ሰባተኛው ነው፤ ጣት የሚል አለበት። አፌን ከፈትኩ። ሰብሳቢው አየኝ፤ ለተፈታኝ መልስ የነገረ የራሱንም ስም እንደሚያጣ ስገባ ነግረውኛል። ትርንጎም ዞራ አየችኝ።

አፌን ዘጋሁት። ስሜን ካገኘሁ ገና አሥር ደቂቃ አልሞላኝም ነበር። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አልፈጥርምም።

አሥራ አምስት ደቂቃው አለቀ።

«ፊርማ ያለው የቅርብ ዘመድ?» አለች ጸሐፊዋ።

«እናቷ አሉ» አለ ሰብሳቢው። «ይቀበላሉ?»

ያንኑ ቅጽ ነው የተጠቀሙበት። ስሞቹን ብቻ አቀያየሯቸው፤ የእኔ ከላይ፣ የእሷ ከታች።

«ተቀብያለሁ» አልኩ።

ስንመለስ የእኔ በር «ወይዘሮ አንጓች አድማሱ ገብተዋል» አለ። ቀጥሎ «የወይዘሮ አንጓች ልጅ ገብተዋል» አለ። ትርንጎ መድረኩ ላይ ቆመች።

«የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ እኮ፣ እማ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የወለድኩሽ።»

በማግሥቱ ጠዋት አልጋዬ ላይ ሳለሁ ሰሌዳዬ በራች። ትርንጎ ዳቦ መስኮቱ ፊት ቆማለች፤ ከኋላዋ ሰልፉ ይታያል። «ልጅዎ ሁለት ዳቦ እንድትወስድ ይፈቅዳሉ?» ይላል ጽሑፉ። ይህን ለማንበብ የረዳኝ አልነበረም። አዎ የምትለዋ ክብ መሐል ላይ ነበረች። ወዲያው አልነካኋትም። ሰሌዳዋ «ጣቱ የት ነው? ጣቱ የት ነው?» እያለች ስትጠይቅ ይታወቀኝ ነበር። እስከ አሥር ቆጠርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥር ስል አያ ደምለው በጎኗ አለፈ፤ እሱም ቆሞ የሚጠብቅበትን ቦታ ሊይዝ። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት። ትርንጎ ሳቀች። ሲስቁ ሁለቱም እጃቸው መስኮቱ ላይ ነበር።

ነካኋት።

ዳቦውን ይዛ ስትመጣ ወንበር ሳብኩላትና ሰሌዳውን ፊቷ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው?»

«ዓመት አለሽ። ክብ ሣል በያት።»

«ፊደል እኔ ነኝ የማውቀው፣ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ፊደሉንስ ታውቂዋለሽ። ጻፊ።»

እየተነጫነጨች ጻፈች። እኔ በአራት ወር የለመድኩትን ቁልፍ እሷ በአንድ ትንፋሽ መታችው። ቦታ ግን አልነገረቻትም። ላይኛው ግራ ጥግ ላይ አንድ ቀይ ቁራሽ ብቅ አለ።

«ሌላውስ?» አለች።

«አለ።»

«የት?»

ሰሌዳውን ትንሽ አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ተነሣችና ከጀርባው አጎንብሳ ተመለከተች።

አልሳቅሁባትም። «ከደረስሽ አይቀር አቧራውን ጥረጊው» አልኳት።